ተመስገን ስንት ነጥብ ነው?

(ሐዋሳ ላይ ከልዩ ልዩ የትምህርት ክፍሎች ለተሰባሰቡ መምህራንና የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር። ለንባብ ሲዘጋጅ በመጠኑ ተስተካክሏል። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

እንደምን ዋላችሁ።

ከኋላዬ የተሰቀለውን ጽሑፍ ያሳተምኩት እኔ ነኝ። ትናንት ከሰዓት በኋላ ማተሚያ ቤት ስገባ፣ ኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠው ወጣት «የሕይወት ጥራት ጥናት» የሚለውን አንብቦ ቀና አለና «ጋሼ፣ የምን ጥራት ነው? የቡና ነው እንዴ?» አለኝ። አልፈረድኩበትም። ሐዋሳ ላይ ጥራት ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለው ቡና ነው። ናሙናው ይወሰዳል፣ እንከኑ ይቆጠራል፣ ተቆልቶና ተፈልቶ ይቀርባል፤ ቀማሹ በማንኪያ ፉት ብሎ ይተፋዋል፣ ከዚያ ደረጃ ይሰጠዋል። «የቡና ሳይሆን የሰው ነው» ስለው «ታዲያ ማን ይቀምሰዋል?» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ማታ ግን አዘጋጅቼው የነበረውን መግቢያ ሰርዤ በእሱ ጥያቄ ለመጀመር ወሰንኩ።

አስቀድሜ ስለ ቃሉ አንድ ነገር ልበል። እንግሊዝኛው «ላይፍ» ብሎ በአንድ ቃል የሚያልፈውን አማርኛ ለሁለት ይከፍለዋል። ሕይወት የሞት ተቃራኒ ነው። ኑሮ ደግሞ የሚከፈለው ኪራይ፣ የሚሠራው ሥራ፣ የሚቻለው ጎረቤት ነው። «ኑሮ ተወደደ» ስንል ሁላችንም ኪሳችንን እንዳስሳለን፤ «ሕይወት ተወደደ» ብንል ግን ስብከት የጀመርን ይመስላል። መጠይቆቻችን አንዳንዴ «የሕይወት ጥራት»፣ አንዳንዴ «የኑሮ ጥራት» ይላሉ፤ ተጠያቂው የሚመልሰው ደግሞ የሰማውን ቃል ነው። «ኑሮዎ እንዴት ነው?» የተባለ ሰው ስለ ጤፍ ዋጋ ያወራል። «ሕይወትዎ እንዴት ነው?» የተባለ ሰው ስለ ልጆቹ፣ ስለ ፈጣሪው ወይም ስለ ጤናው ያወራል። ሁለቱን መልሶች በአንድ ሰንጠረዥ አስገብተን ትንተና ስንሠራ ኖረናል፤ እኔም አንዱ ነኝ።

ወደ ቀማሹ እንመለስ። በእኔ ሙያ በጤናው መስክ የመጀመሪያዎቹ ቀማሾች ሐኪሞች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ዴቪድ ካርኖፍስኪ የተባለ አሜሪካዊ የካንሰር ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ከ0 እስከ 100 የሚሄድ መለኪያ አዘጋጀ። መለኪያው የቀረበበት ምክንያት ተገቢ ነበር፤ መድኃኒቱ እብጠቱን ሊያሳንሰው ይችላል፣ ሰውየው ግን ከአልጋ ይነሳል ወይ? ራሱን ይችላል ወይ? መቶ ማለት ምንም ምልክት የሌለበት ጤነኛ፣ ዜሮ ማለት የሞተ ነው። ነጥቡን የሚሞላው ግን ሐኪሙ ነው። በሽተኛው እንደ ቡናው ነው፤ አይጠየቅም።

በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1948 ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት መተዳደሪያ ሰነድ ጤና ማለት የበሽታ አለመኖር ብቻ ሳይሆን የተሟላ አካላዊ፣ አእምሯዊና ማኅበራዊ ደኅንነት ነው ብሎ ደነገገ። ድንጋጌው ወደ መጠይቅ እስኪለወጥ ግን ከአርባ ዓመት በላይ ፈጀ። ድርጅቱ በ1990ዎቹ በተለያዩ አገሮች በሚገኙ ማዕከላት መጀመሪያ 100 ጥያቄ ያለው፣ ቀጥሎም ወደ 26 ያጠረ መጠይቅ አዘጋጀ። አካል፣ ሥነ ልቦና፣ ማኅበራዊ ግንኙነትና አካባቢ የሚባሉ አራት ክፍሎች አሉት። የሕይወት ጥራትን ትርጓሜ ደግሞ ሰውየው በሚኖርበት ባህልና የእሴት ሥርዓት ውስጥ፣ ከራሱ ግብና ከሚጠብቀው ነገር አንጻር ስለ ኑሮው ያለው ግንዛቤ ነው አለው። ቀማሹ ባለቤቱ ራሱ ሆነ ማለት ነው።

ትልቅ እርምጃ ነበር። ችግሩ የጀመረውም እዚያው ላይ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ «የሕይወትዎን ጥራት እንዴት ይመዝኑታል?» የሚል ነው። «በጣም መጥፎ» ከሚለው እስከ «በጣም ጥሩ» አምስት ምርጫ አለው። በታቦር ክፍለ ከተማ የስኳር ሕመም ክትትል ያላቸው ሰዎችን ቤት ለቤት ስንጠይቅ የሚመጣው መልስ ግን ስድስተኛው ነበር፤ «ተመስገን»። ለመሆኑ ተመስገን ስንት ነው? አንዱ መረጃ ሰብሳቢ 4 ይሞላዋል፣ ምስጋና ጥሩ ነገር ስለሆነ። ሌላዋ 3 ትሞላዋለች፣ ሰውየው አላማረረም አልተደሰተምም ብላ። ሦስተኛው ጎበዝ «ተመስገንስ ይሁን፤ ግን እንዴት ነው?» ብሎ ሲጨቀጭቅ አዛውንቱ ተቆጡት። ምስጋና ለፈጣሪ የሚሰጥ እንጂ ለመረጃ ሰብሳቢ የሚመዘን አይደለም። ይህን ለማወቅ የሥነ ሰብ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም ነበር፤ እኛ ግን የሥነ ሰብ ባለሙያ የጠራነው መረጃው ተሰብስቦ ካለቀ በኋላ ነው።

ሃያ አንደኛው ጥያቄ ስለ ግብረ ሥጋ ግንኙነት እርካታ ይጠይቃል። መረጃውን ሳጣራ የአንድ ወጣት መረጃ ሰብሳቢ መጠይቆች ላይ ሃያ አንደኛው ረድፍ በሙሉ 3፣ 3፣ 3 ሆኖ አገኘሁት። ጠርቼ ስጠይቀው አንገቱን ደፋ። «ጋሼ፣ እናቴን የሚያህሉ ሴትዮ ናቸው። እንዴት አድርጌ?» አለኝ። አንዲት ደፋር መረጃ ሰብሳቢ ደግሞ ጠይቃ መልስ ይዛ መጣች፤ «ልጄ፣ ይህን ደግሞ መንግሥት ምን ሊያደርግለት ነው?»

አሁን ብዙ ጊዜ የማወራው ቤት ውስጥ ልውሰዳችሁ። ወደ ስልሳ የሚጠጉ እናት ናቸው፤ እትዬ እያልኩ እቀጥላለሁ፣ ስማቸው ለእኔ ይቅር። ከቀትር በኋላ ገባሁ። ረከቦቱ ተዘርግቷል፣ ጀበናው ከሰል ላይ ነው፣ ቶናው እየተቀዳ ነው። ሦስት ጎረቤቶች ተቀምጠዋል፤ አንዷ ስለ ባልዋ የምትናገረው ነገር የቀሩትን ከሳቅ ብዛት ዕንባ አስወጥቷቸዋል። ቆሎው ዞሮ እኔም ዘንድ ደረሰ። አሥራ አራተኛው ጥያቄ ላይ ስደርስ «ለመዝናናት ምን ያህል ዕድል አለዎት?» አልኩ። እትዬ ሲኒውን እንደያዙ ፊታቸውን ኮስተር አደረጉ። «እኔ? መዝናናት የሚባል ነገር አላውቅም ልጄ።» ጎረቤቶቹም በአንድ ድምፅ መሰከሩላቸው። 1 ሞላሁ። ምንም ዕድል የለም ማለት ነው። ከዚያ በረካውን ጠጣሁ።

ጥፋቱ የማን ነው? «መዝናናት» በከተማ አማርኛ ልብስ ቀይሮ ከቤት መውጣት፣ ሆቴል መቀመጥ፣ ገንዘብ ማውጣት ነው። በእትዬ ዕድሜ ላለች ሴት ደግሞ ትንሽ ስድብም አለበት። ቡና ግን መዝናናት አይደለም፤ ቡና ቡና ነው። ማኅበራዊ ግንኙነትን የሚለኩት ጥያቄዎችም እንደዚያው ናቸው፤ «ከጓደኞችዎ የሚያገኙት ድጋፍ» ሲባሉ «ጓደኛ የለኝም» ያሉኝ ሰው የሦስት ዕድር አባል ነበሩ። ዕድርተኛ ጓደኛ አይደለም፤ ሬሳህን የሚያነሳው ግን እሱ ነው።

እዚህ ላይ የሥነ ቋንቋ ሰዎች «ተርጉሙት እንጂ አትገልብጡት» ይሉናል። የስታቲስቲክስ ሰዎች ደግሞ ቃሉን በቀየራችሁ ቁጥር ከሌሎች አገሮች ጋር መወዳደሩ ይቀራል ይላሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው።

የኢኮኖሚ ባለሙያዎቹን ጉዳይ ቶሎ ልለፈው፤ ታሪካቸው በየመጽሐፉ አለና። የአገር ገቢ አቆጣጠርን መልክ ያስያዘው ሳይመን ኩዝኔትስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1934 ለአሜሪካ ምክር ቤት ባቀረበው ሪፖርት፣ ከገቢ ልኬት ተነስቶ የሕዝብን ደኅንነት መገመት እንደማይቻል አስጠንቅቆ ነበር። ሪፖርቱን ወሰዱ፣ ማስጠንቀቂያውን ተዉ። በ1974 ሪቻርድ ኢስተርሊን በአንድ አገር ውስጥ ሀብታሙ ከድሃው ይልቅ ደስተኛ ነኝ ቢልም፣ አገሪቱ ስትበለጽግ አማካይ ደስታው አብሮ እንደማያድግ አሳየና እስከ ዛሬ ያልበረደ ክርክር አስነሳ። በ1990 ደግሞ ማህቡብ ኡል ሐቅ ከአማርትያ ሴን ጋር ሆኖ ዕድሜን፣ ትምህርትንና ገቢን አንድ ላይ የሚመዝነውን የሰብዓዊ ልማት መለኪያ አወጣ። የጤና ኢኮኖሚስቶቹ ከዚህም ይብሳሉ። በአምስት ጥያቄ 3,125 ዓይነት የጤና ሁኔታ ከለዩ በኋላ፣ ከዚህ ሕመም ጋር ከምትኖረው 10 ዓመት ስንቱን ሰጥተህ በሙሉ ጤና መኖር ትመርጣለህ ብለው ይጠይቃሉ። ለኢትዮጵያም በዚህ መንገድ የተሠራ ሰንጠረዥ በ2020 ታትሟል፤ ጠቃሚ ሥራ ነው። እኔ ግን ጥያቄውን ለአንድ አባት ሳቀርብ ያገኘሁት መልስ «ዕድሜ የሰጪው ነው፤ የሰው ንብረት ላይ ምን ብዬ እደራደራለሁ?» የሚል ነበር። ሰንጠረዡ ላይ ለዚህ መልስ የተተወ ቦታ የለም።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ነገር ነው፤ ሰው ስለ ራሱ የሚናገረው መታመን አለበት ወይ?

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሃድሊ ካንትሪል በ1960ዎቹ ያስተዋወቀው የመሰላል ጥያቄ አለ። የዓለም የደስታ ሪፖርት የሚባለው ደረጃ የሚያወጣው በዚህ ነው። ከታች 0 ሊደርስብህ የሚችለው የከፋ ኑሮ፣ ከላይ 10 የተሻለው፤ አንተ የት ላይ ነህ? እኛ መሰላሉን በወረቀት ሥለን እናሳያለን። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል አካባቢ ዓሣ እየበለቱ የሚተዳደሩ አንዲት እናት፣ ቅርፊት የተጣበቀበትን ጣታቸውን በጨርቅ ጠራርገው አራተኛው ላይ አስቀመጡ። 4 ልጽፍ ስል የአሥራ ስድስት ዓመት ያህል ልጃቸው ከኋላ መጥቶ ቆመ። ዞር ብለው አዩት። ጣታቸው ቀስ ብሎ ወጣ፤ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት ላይ ቆመ። «እዚህ ነኝ» አሉኝ ልጃቸውን እያዩ። 7 ጻፍኩ። የትኛው ነው ልኩ? ውሸት አልነገሩኝም። ለእኔ የሚነገር ኑሮና ልጅ ፊት የሚነገር ኑሮ አንድ አይደለም።

ቀደም ብዬ ያነሳሁት አማርትያ ሴን በተደጋጋሚ የሚጠቅሰው አንድ ጥናት አለ። ከታላቁ የቤንጋል ረሃብ ማግስት፣ በ1944፣ በካልካታ አቅራቢያ ሲንጉር በተባለ ቦታ ሚስት የሞተባቸው ወንዶችና ባል የሞተባቸው ሴቶች ስለ ጤናቸው ተጠየቁ። ከወንዶቹ 48.5 በመቶ ታማሚ ነን ወይም ጤናችን እንዲሁ ነው አሉ። ከሴቶቹ ይህን ያሉት 2.5 በመቶ ብቻ ናቸው። የቤንጋል ባልቴት ከወንዱ የተሻለ ጤና ስለነበራት አይደለም። ማማረር የእርሷ ድርሻ እንዳልሆነ አድጋ ስለተማረች ነው። እኛም ቤት «ቻይ» ተብላ የምትመሰገነው ማን እንደሆነች ታውቃላችሁ። ስለዚህ ሴን የሚለን ደህና ነኝ ያለን ሁሉ አትመኑ ነው።

በሌላ በኩል ግን ጋሪ አልብሬክትና ፓትሪክ ዴቭሊገር በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ ከባድና ዘላቂ የአካል ጉዳት ካለባቸው ተጠያቂዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሕይወታችን ጥሩ ወይም በጣም ጥሩ ነው አሉ። ከውጭ የሚያይ ሰው «እንዴት ሊሆን ይችላል? ራሳቸውን እያጽናኑ ነው» ማለት ይቀናዋል። እነሱ ደግሞ የሚሉት «ስለ ሕይወታችን ከእኛ ይልቅ የምታውቁ አድርጎ የሾማችሁ ማን ነው?» ነው። እውነት አላቸው።

እንግዲህ ሁለት ሰዎች በአንድ ዓይነት ቃል «ደህና ነኝ» ብለዋል። አንዷን መጠርጠር አለብን፤ ሌላውን መጠርጠር ንቀት ነው። በመጠይቁ ላይ ሁለቱም 4 ናቸው። ልዩነቱ ያለው ከመጠይቁ ውጭ ነው፤ በደም ምርመራው፣ በሞት መዝገቡ፣ በቤቱ ታሪክ፣ በሕጉ። አንድ ሙያ ብቻውን የሰውን ቃል ማመንም አለማመንም አይችልም የምለው ለዚህ ነው። የተጠያቂህን ቃል መጠራጠር ባማረህ ሰዓት የጎረቤት ትምህርት ክፍልን በር አንኳኳ፤ ከዚያ በፊት አትጠራጠር።

ይህን በስምጥ ሸለቆው ውሃ ላሳያችሁ። ከእሳተ ገሞራ አለቶቻችን የተነሳ በስምጥ ሸለቆ ብዙ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። የውሃ መሐንዲሱ ሚሊግራሙን ለክቶ ይሄዳል። የጥርስ ሐኪሙ የበለዘ ጥርስ ያያል፤ ጥርሱ በልጅነት ሲሠራ ውሃው ስለገባበት በኋላ ቢፍቁት አይለቅም። አዳማ አጠገብ በወንጂ የስኳር እርሻ ሠራተኞች ላይ፣ መጠኑ ሲበዛ አጥንትና አከርካሪ እንደሚያደርቅ በ1970ዎቹ ታውቋል። ሦስተኛው ባለሙያ የሥነ ልቦና ሰው ነው፤ መጠይቁ ላይ «ሰውነትዎን እንዳለ ይቀበሉታል?» የሚል ጥያቄ አለው። መንደሩ በሙሉ ጥርሱ ከበለዘ ሁሉም እቀበላለሁ ይላል፤ ነጥቡ ጥሩ ነው። ከዚያው መንደር የወጣች ልጅ ግን ለትምህርት ሐዋሳ ስትመጣ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ መሸፈን ትጀምራለች። ውሃው አልተቀየረም፣ ጥርሷም አልተቀየረም፤ የተቀየረው የሚያያት ሰው ነው። መሐንዲሱ ይህን አያየውም። የሥነ ልቦናው ሰው ብቻውን ቢሄድ ደግሞ ሕዝቡ ረክቷል ብሎ ሪፖርት ይጽፍና አከርካሪው ይደርቃል።

መፍትሔውም እንደዚያው ነው። ከተቃጠለ የከብት አጥንት የሚሠራ ከሰል ፍሎራይድን ከውሃ ይይዛል፤ ኬሚስቱ ይህን ካሳየ በኋላ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። የመንደሩ የመጀመሪያ ጥያቄ ግን «አጥንቱ የማን ነው? ማን ባርኮ ያረደው?» ነው። ሁለተኛው «በጾምስ?» ነው። እነዚህን ጥያቄዎች የሚመልስ የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል አላውቅም።

ስለ ሐዋሳ ስናወራ ኢንዱስትሪ ፓርኩን መዝለል አይቻልም። በ2016 እ.ኤ.አ. ተመርቆ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶችን ከገጠር አመጣ። በቅጥር ቁጥር ከለካነው አንድ መልስ አለ፤ አራት ሆነው በሚከራዩት ክፍል ከለካነው ሌላ። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን እዚህ ፓርክ ውስጥ ባልሆኑ አምስት የኢትዮጵያ ፋብሪካዎች ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ አመልካቾችን በዕጣ ከፍለው ነበር። ለአንዱ ቡድን የፋብሪካ ሥራ፣ ለሌላው 300 ዶላርና ሥልጠና፣ ለሦስተኛው ምንም። ከዓመት በኋላ ሥራውን ካገኙት አብዛኛዎቹ ለቀው ነበር፤ ገቢያቸው አልጨመረም፣ ከባድ የጤና ችግር ግን ጨምሯል። ገንዘብ የተሰጣቸው ገቢያቸው በሲሶ ያህል አደገ። ከአምስት ዓመት በኋላ ሲታይ ደግሞ ልዩነቱ ጠፍቶ ሁሉም ተቀራርበው ተገኙ። ይህን ጥናት የምወደው የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ሆነው ስለ ሳንባና ስለ ወገብ ስለጠየቁ ነው። ከዓመቱ ላይ ቢያቆሙ ኖሮ ደግሞ ግማሽ እውነት ይዘው ይቀሩ ነበር።

ሳልናገረው ማለፍ የማልፈልገው አንድ ነገር ቀረኝ። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍሯል። በጉዱማሌ አደባባይ ሽማግሌዎች ሲመክሩ ምን እንደሚሉ ያዳመጠ ያውቃል፤ ጠንክረህ ሥራ፣ ታላቅህን አክብር፣ አገር በቀል ዛፍ አትቁረጥ፣ አትለምን፣ በሐሰት አትመስክር፣ አትስረቅ። እኔ ይህን የምሰማው እንደ መጠይቅ ነው። ሃያ ስድስቱን ጥያቄዎቻችንን አስታውሱ፤ ምን አለህ፣ ምን ይሰማሃል፣ ምን ታገኛለህ ይላሉ። ለሌላው ምን አደረግህ የሚል አንድም የለም። ከሲዳማ ሽማግሌ ዓይን ሲታይ በሐሰት መስክሮ መሬት የወሰደ ሰው 26ቱም ላይ 5 ቢያገኝ ኑሮው ጥሩ አይደለም። «በባህልና በእሴት ሥርዓት ውስጥ» ብሎ የጻፈው ትርጓሜ እዚህ ድረስ መምጣት ነበረበት።

እትዬን አልረሳኋቸውም። በሁለተኛው ዙር ጥናት «መዝናናት» የሚለውን አውጥተን «ከሥራ አርፈው ደስ ብሎዎት የሚቀመጡበት ጊዜ» አልነው። እትዬ ያለ ማመንታት 4 ሰጡ። ከዚያ መጠይቁ መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ለሚተረጉም ሰው ተላከ፤ እሱ ደግሞ «የመቀመጫ ጊዜ» የሚል ነገር ይዞ መጣ። የሚያጸድቀው ኮሚቴ ከዋናው ጋር አይመሳሰልም ብሎ መለሰብን። ብዙ ተጻጽፈን በመጨረሻ ሁለቱንም ጥያቄ ይዘን ወጣን። አሁን እትዬ በመዝገባችን ላይ በአንዱ 1፣ በሌላው 4 ሆነው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ባለፈው ሳምንት አንድ ተማሪዬ ሁለቱን ደምሮ ለሁለት አካፍሎ 2.5 አድርጎ አመጣልኝ። ወረቀቱን መለስኩለትና ቅዳሜ ከቀትር በኋላ እትዬ ቤት ሄዶ ቡና እንዲጠጣ ላክሁት።